ከፖስታው በፊት ዳኛው

የፊልም ክበባችን በሁለት ተከታታይ ዓርብ ማታዎች «ላ ላ ላንድ» እና «ሙንላይት» የተባሉትን የአሜሪካ ፊልሞች ለተማሪው አሳይቶ ነበር። ፊልሞቹ የቆዩ ናቸው፤ ሁለቱም የወጡት በ2016 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) አንድ ላይ የመረጥናቸው በኦስካር ሽልማት ታሪክ የአንዱ ስም ሲነሣ የሌላው ስም ሳይነሣ ስለማይቀር ነው። ሁለተኛው ፊልም አልቆ መብራት እንደ በራ ክርክሩ ተነሣ። ግማሹ «ላ ላ ላንድ ተቀማ» አለ፤ ግማሹ «የለም፣ ሙንላይት የሚገባውን አገኘ» አለ። አንዱ ስለ ተዘለሉት ተዋንያን፣ ሌላው ስለ መድረኩ አጋፋሪ ቀልድ ሲከራከር የእራት ሰዓት አለፈና ምግብ ቤቱ ተዘጋብን።

በዚህ መካከል ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እጅዋን አወጣች። «ስለ አሜሪካ ዳኞች አድልዎ ይህን ያህል የምታውቁ ከሆነ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለች። «አምና በማኅበራችን የአጫጭር ፊልሞች ውድድር ዳኞች እናንተ ነበራችሁ። የእኔን ፊልም እስከ መጨረሻው ያያችሁት ስንቶቻችሁ ናችሁ?»

ከአምስታችን መልስ የሰጠ አልነበረም። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ያ ዝምታ ስላልዋጥልን ነው። ወደ ጥያቄዋ በመጨረሻ እንመለሳለን። በመጀመሪያ ግን በዚያ ማታ ያከራከረንን ነገር በሥርዓት እንየው፤ ምክንያቱም የእርስዋ ጥያቄና የሎስ አንጀለሱ ነገር ሥራቸው አንድ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. 89ኛው የኦስካር ሽልማት ሲሰጥ፣ የመጨረሻውን ማለት የዓመቱን ምርጥ ፊልም ሽልማት እንዲያበስሩ ዋረን ቢቲና ፌይ ዳናዌይ የተባሉት አንጋፋ ተዋንያን ወደ መድረክ ወጡ። ድምፁን የሚቆጥረው የሒሳብ ድርጅት ከመድረኩ ግራና ቀኝ አንዳንድ ሰው አቁሞ ነበር፤ እያንዳንዳቸውም የሁሉንም ሽልማት ፖስታ ሙሉ በሙሉ ይዘዋል። አንዱ ፖስታ በአንደኛው በኩል ሲሰጥ ሌላው ቅጂ በሁለተኛው ሰው እጅ ሳይከፈት ይቀራል። ለዋረን ቢቲ የተሰጠውም ይኸው የቀረ ቅጂ ነበር፤ ይኸውም ጥቂት ቀደም ብሎ «በላ ላ ላንድ» ለተሸለመችው ለኤማ ስቶን የምርጥ ተዋናይት ሽልማት የተዘጋጀው ነው። ሽማግሌው ወረቀቱን አይተው ግራ ተጋቡ፤ ለጓደኛቸው አሳዩ፤ እርሳቸውም የፊልሙን ስም አይተው «ላ ላ ላንድ» ሲሉ አነበቡ።

የፊልሙ አዘጋጆች ወጥተው ምስጋናቸውን በማሰማት ላይ ሳሉ ስህተቱ ታወቀ። እዚህ ላይ አንድ ሰው ሳናመሰግን አናልፍም። ጆርዳን ሆሮዊትዝ የተባለው የላ ላ ላንድ አዘጋጅ፣ ሽልማቱን በእጁ እንደ ያዘ፣ አሸናፊው ሙንላይት መሆኑን ራሱ ተናገረ፤ ትክክለኛውንም ወረቀት ለሕዝቡ ከፍ አድርጎ አሳየ። የተሸነፈ ሰው የሌላውን ማሸነፍ በራሱ አንደበት ሲያውጅ ማየት በየትም አገር ብርቅ ነው።

በዓለም ዙሪያ ሲወራ የኖረው ይህ የፖስታ ስህተት ነው። እኛ ግን በበኩላችን ከዚያ ሌሊት ስህተቶች ሁሉ ትንሹ ይኸው ነው እንላለን። የፖስታ ስህተት በደቂቃዎች ውስጥ የታረመው ትክክለኛው ፖስታ ስለ ነበረ ነው። ዳኛው የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን የሚያርመው ሌላ ፖስታ ከየት ይመጣል? አልፍሬድ ሂችኮክ አምስት ጊዜ ለምርጥ ዲሬክተርነት ታጭቶ አንድም ጊዜ አላሸነፈም፤ አካዳሚው በ1968 የክብር ሽልማት ቢሰጠውም ያለፈው አልተመለሰም። ስለዚህ ክርክራችን ከፖስታው በፊት ወዳለው ነገር፣ ወደ ዳኞቹና ወደ ዳኝነቱ ሥርዓት መዞር አለበት።

አንደኛ ስለ አሸናፊው። ላ ላ ላንድ በ14 ዘርፎች ታጭቶ ነበር፤ ይህን ያህል ዕጩነት ከእርሱ በፊት ያገኙት «ኦል አባውት ኢቭ» እና «ታይታኒክ» ብቻ ናቸው። ከ14ቱም 6 ሽልማት ወሰደ። ሙንላይት በ8 ታጭቶ 3 ወሰደ። ብዙ ጓደኞቻችን «ስድስት የወሰደው እንዴት ሦስት በወሰደው ተሸነፈ?» እያሉ የሚጮኹት የአቆጣጠሩን ሥርዓት ስላልመረመሩ ነው። በሌሎቹ ዘርፎች ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ነገሩ አለቀ። ለምርጥ ፊልም ግን ድምፅ ሰጪው ዕጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በተርታ ይጽፋቸዋል።

በምሳሌ እንየው። አንድ መቶ ተማሪዎች ከሦስት ፊልሞች ይመርጣሉ እንበል። 40ው «ሀ»ን፣ 35ቱ «ለ»ን፣ 25ቱ «ሐ»ን አንደኛ አሉ። በተራው አቆጣጠር «ሀ» አሸነፈ። በዚህኛው ሥርዓት ግን ማንም ከግማሽ በላይ ስላላገኘ መጨረሻ የወጣው «ሐ» ይሰረዝና የ25ቱ ተማሪዎች ወረቀት ለሁለተኛ ምርጫቸው ይቆጠራል። እነዚህ 25 ሰዎች ሁለተኛ ያደረጉት «ለ»ን ከሆነ፣ «ለ» በ60 ድምፅ አሸናፊ ይሆናል። እንግዲህ ይህ ሥርዓት የሚሸልመው ጥቂቶች አብዝተው የሚወዱትንና የቀሩት የሚጠሉትን ሳይሆን፣ ብዙዎች ከልባቸው የሚቀበሉትን ነው። እኛ ይህን ሥርዓት እንወደዋለን። አንድ ነገር ግን እንነቅፋለን፤ አካዳሚው የድምፁን ቁጥር አያሳትምም። በዚያ ሌሊት ሙንላይት የቀደመው በብዙ ይሁን በጥቂት፣ ከመጀመሪያው መርቶ ይሁን በሁለተኛ ምርጫ ተነሥቶ የሚያውቁት ቆጣሪዎቹ ብቻ ናቸው። ፍርዱን እየነገሩ መዝገቡን መደበቅ ለሐሜት በር መክፈት ነው።

ሁለተኛ ስለ ተዘለሉት። በዚህ ነገር ሁለት የተለያዩ በደሎችን ስናምታታ እንገኛለን። ታጭቶ ሳያሸንፉ መቅረት አንድ ነገር ነው፤ ጨርሶ ሳይታጩ መቅረት ሌላ ነው። ኤሚ አዳምስ ዋና ሆና የሠራችበት «አራይቫል» በ8 ዘርፎች ሲታጭ፣ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተሸከመችው እርስዋ አልታጨችም። ተዋንያንን የሚያጩት ተዋንያን አባላቱ ስለ ሆኑ የዘለሏት የገዛ ባልደረቦችዋ ናቸው ማለት ነው።

ይህ የአንድ ሰው ነገር ነው ቢባል እንኳ፣ በ2015ና በ2016 የሆነው የአንድ ሰው ነገር አልነበረም። በሁለቱም ዓመታት በትወና የታጩት 20ዎቹም ነጮች ነበሩ። ጩኸቱ ሲበረታ አካዳሚው በጃንዋሪ 2016 የሴቶችንና ነጭ ያልሆኑትን አባላት ቁጥር እስከ 2020 እጥፍ ለማድረግ ወሰነ፤ በዚያው ዓመት 683 አዲስ ሰዎችን ለአባልነት ጠራ። በሚቀጥለው ሽልማት ስድስት ጥቁር ተዋንያን ታጩ፤ ማሐርሻላ አሊና ቫዮላ ዴቪስም አሸነፉ። እርግጥ ነው ፊልሞቹ ራሳቸው ጥሩ ነበሩ፤ የአባላቱ ለውጥ ብቻውን ይህን አደረገ አንልም። ዳሩ ግን ችሎታ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሰማይ አይወርድም። ሰዎቹ ቀድሞም ነበሩ፤ የጎደለው የሚያያቸው ዓይን ነበር።

ለዚህ ከእኛው ቤት የወጣ ምስክር አለን። በዚያ ዓመት በአራይቫል ለምርጥ ካሜራ ቀረፃ ከታጩት አንዱ ብራድፎርድ ያንግ ነው። ይህ ጥቁር አሜሪካዊ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ከእኛው ሰው ከፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እግር ሥር ነው። መምህሩ «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልማቸውን በ1993 ባወጡ ጊዜ የሚያከፋፍልላቸው ድርጅት ስላጡ፣ ከባለቤታቸው ጋር ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ነበር ያሳዩት። «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት አግኝቷል። የኦስካሩ አካዳሚ ሙዚየም ለእርሳቸው የክብር ሽልማት የሰጠው ግን በ2021 ነው። በኦስካር ለመወዳደር አንድ ፊልም በደንቡ መሠረት በአሜሪካ ሲኒማ ቤት መታየት ነበረበት፤ አከፋፋይ የሌለው ፊልም ታዲያ ከዳኛው ፊት እንኳ አይቀርብም። ከመዘለል ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ የተዘለለው ሰው ስሙ በተዘለሉት ዝርዝር ውስጥ እንኳ አይገባምና።

የውጭ ቋንቋ ፊልም ይባል በነበረው ዘርፍ ደግሞ እያንዳንዱ አገር በዓመት አንድ ፊልም መርጦ ይልካል። ኢትዮጵያ በ2010 «አትሌቱ»ን ልካ ጀመረች፤ በኋላም «ድፍረት» እና «ላምብ» ተልከዋል። አንዳቸውም ለመጨረሻው ዕጩነት አልደረሱም። በዚህ ሎስ አንጀለስን ብቻ ከመውቀሳችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ ከአገራችን የሚላከውን ፊልም የሚመርጡት እነማን እንደ ሆኑ፣ በምንስ እንደሚመርጡ ከመካከላችን የጠየቀ አለን?

እዚህ ላይ በዚያ ማታ የሰማነውን አንድ ንግግር ሳናነሣ ብናልፍ እውነት አይሆንም። አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ «ከሁሉ የተበደለችው ሩት ነጋ ናት» አለ፤ ጭብጨባውም ቤቱን ሞላው። ሩት ነጋ ከኢትዮጵያዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት አዲስ አበባ ተወልዳ አየርላንድ ያደገች ናት። የታጨችው «ሎቪንግ» በተባለው ፊልም ነው። በዚያም ነጭ በማግባትዋ በቨርጂኒያ የታሰረችውንና ጉዳይዋ በ1967 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተፈርዶ የዘር ጋብቻ ክልከላን ያስወገደውን ሚልድረድ ሎቪንግን ሆና ተጫውታለች። ጭብጨባው ጋብ ሲል ጓደኛችንን «ፊልሙን አይተኸዋል?» አልነው። አላየውም። ካጨበጨቡትስ? ካየነው ሦስት ሰዎች በስተቀር ማንም አላየውም።

እኛ እንዳየነው ሩት ነጋ በዚያ ፊልም ብዙ ሳትናገር በዓይንዋ ብቻ የምትሠራው ሥራ እጅግ የሚደነቅ ነው፤ ቢሸልሙዋት ደስ ባለን። ዳሩ ግን አዲስ አበባ ስለ ተወለደች ብቻ ይሸልሙዋት ማለት፣ የ2015ና የ2016 ዳኞች ያደረጉትን በእኛ ቀለም መድገም ነው። ወገንን መውደድ ነውር አይደለም። ሥራውን ሳያዩ ለወገን መፍረድ ግን በማንም እጅ ቢሆን ያው አድልዎ ነው።

ሦስተኛ ስለ አጋፋሪው። የዚያን ሌሊት መድረክ የመራው ጂሚ ኪመል የተባለ ቀልደኛ ነበር። በአገራችን ግብር ሲገባ አጋፋሪ የሚባለው ሰው ሥራው ምን እንደ ነበረ ከአባቶቻችን ሰምተናል፤ እንግዳን ተቀብሎ፣ ክብሩን ጠብቆ፣ ከሚገባው ቦታ ማስቀመጥ ነው። ኪመል በዚያ ሌሊት በአውቶቡስ ከተማ የሚጎበኙ ሰዎችን ሳያውቁ ከአዳራሹ አስገብቶ በታላላቆቹ ተዋንያን ፊት አቆማቸው። አንዲትዋን ሴት ስምዋን ጠየቀ፤ ስሙ ለጆሮው እንግዳ ስለ ሆነበት ቀለደበት። የባልዋ ስም የተለመደ የእንግሊዝ ስም ሆኖ ሲያገኘው ግን ስም ማለት ይህ ነው ብሎ አሳቀ። በማሐርሻላ አሊ ስምም ቀልዶአል።

«ሰዎቹ ራሳቸው ይስቁ አልነበረምን?» ያለን ጓደኛ አለ። ስቀዋል። በሰው ቤት የተዋረደ እንግዳም ይስቃል፤ ምን ያድርግ? ስምን መልአክ ያወጣዋል በሚባልበት አገር ላደግን፣ ወደ ውጭ ወጥቶ ስሙ ሲሰበርበት፣ ሲያጥርበት፣ ሲቀለድበት የኖረ ወንድም ወይም እኅት ላለን ይህ ቀልድ አያስቅም። በዚያው ሌሊት በሞት የተለዩት ሲታሰቡ፣ ከሞተችው የልብስ ንድፍ ባለሙያ ከጃኔት ፓተርሰን ስም ጋር የወጣው ፎቶግራፍ በሕይወት ያለችው የአውስትራሊያዊት አዘጋጅ የጃን ቻፕማን ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እዚያ ግን በመቃብሩም ላይ ተምታታ። ለኪመል በጎ ነገር እንመስክርለት ቢባል፣ የፖስታው ስህተት በወጣ ጊዜ ጥፋቱን በቀልድ ወደ ራሱ ወስዶ ድንጋጤውን አብርዶአል። ያን ጊዜ የእውነተኛ አጋፋሪ ሥራ ሠራ።

«ይህ ሁሉ የአሜሪካ ጣጣ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚሉም አልጠፉም። በሽልማቱ ቀን ዝም ብለን በማግስቱ ስለ ተዘለሉት ስንጮህ በእርግጥ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆንብናል። ይሁን እንጂ ከሩቅ ያለ ሰው ስህተት የሚጠቅመው የራስን ለማየት ነው። አካዳሚው በኤፕሪል 2025 አንድ ደንብ አወጣ፤ በአንድ ዘርፍ በመጨረሻው ዙር ድምፅ ለመስጠት የሚፈልግ አባል በዚያ ዘርፍ የታጩትን ፊልሞች ሁሉ ማየት አለበት የሚል ነው። አንባቢ ሆይ፣ የመጀመሪያው ሽልማት የተሰጠው በ1929 ነው። ሳያዩ መፍረድ አይገባም የሚለው ነገር ለሁሉም ዘርፍ ደንብ እስኪሆን ከ95 ዓመት በላይ ፈጀ! በዚያ ሁሉ ዘመን በብዙዎቹ ዘርፎች ዳኛው ማየት አለማየቱ ለኅሊናው የተተወ ነበር።

እንግዲህ ወደ እኅታችን ጥያቄ እንመለስ። አምና ለውድድራችን 11 አጫጭር ፊልሞች ቀርበውልን ነበር። የእርስዋ 22 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን ከሁሉ ረጅሙና በተራው የመጨረሻው ነበር። ሰዓቱ መሽቶአል፤ ድምፁ በመካከሉ ተቋረጠ፤ ከአምስታችን ሁለቱ ለፈተና ሊያጠኑ ወጡ፤ የቀረነውም «ገብቶናል» ተባብለን ከግማሽ በፊት አጠፋነው። ነጥብ ግን አምስታችንም ሰጠን። ፊልሙ መጨረሻ ወጣ። ውጤቱ በተነገረ ማግስት መጥታ «የትኛው ክፍል ነው ደካማው? እንዳርመው ንገሩኝ» ስትለን፣ አንዳችን «አጠቃላይ ይዘቱ» ብለን መለስንላት። ይህ መልስ ውሸት ነበር። በዚያ ማታ በሲኒማ አዳራሹ ስለ ሆሊውድ ፍትሕ አብዝተን የተናገርነውም እኛው ነበርን።

ይቅርታ ጠይቀናታል፤ ፊልሙንም ባለፈው እሑድ አምስታችን ተቀምጠን እስከ መጨረሻው አየነው። የሠራችው ስለ አንዲት እንጀራ ሻጭ የአንድ ቀን ውሎ ነው። ያጠፋነው ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ የደከመችለትን ሰው ማንነት ከምናውቅበት ክፍል በፊት ነበር። አንደኛ ይወጣ ነበር ብለን አሁን አንምልም፤ መጨረሻ እንደማይወጣ ግን እናውቃለን። ሽልማቱ ለሌላ ስለ ተሰጠ አይመለስም። ለእርስዋም ሌላ ፖስታ የለም።

ስለዚህ ለዘንድሮው ውድድር ለማኅበሩ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ሁሉንም ፊልም እስከ መጨረሻው ያላየ ዳኛ በአንዱም ላይ ነጥብ አይስጥ፤ ፈተና ያለበት ሰው ዳኝነቱን አስቀድሞ ይተው። ሁለተኛ፣ የየዳኛው ነጥብ ከነስሙ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ መምህራኖቻችን የፈተናችንን ውጤት እንዲለጥፉልን ስንጠይቅ የኖርን ሰዎች ይህን ልንፈራ አይገባም። ሦስተኛ፣ መድረክ የሚመራው አጋፋሪ የተወዳዳሪዎቹን ስም ከባለቤቶቹ አፍ ሰምቶ፣ አጥንቶ ይውጣ፤ ከየትኛውም ክፍለ ሀገርና ቋንቋ የመጣ ስም በዚህ ግቢ መድረክ የሚቀለድበት አይሁን።

የአምናዎቹ አምስት ዳኞች ዘንድሮ ለዳኝነት አንቀርብም። ይህን ሐሳብ የሚቃወም ተማሪ ወይም መምህር ቢኖር በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ እስከ መጨረሻው እናነበዋለን።